ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የንባብ ድጋፍ፦ ተማሪን ወደ ሦስተኛው ደረጃ መቼ እናሻግር?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ለሁሉም ከሚሰጠው የክፍል ትምህርት (አንደኛው ደረጃ) በተጨማሪ ለ8 ሳምንታት በትንሽ ቡድን ድጋፍ (ሁለተኛው ደረጃ) ከሰጠኋቸው 5 ተማሪዎች መካከል አንዷ አሁንም «ሰበረ»ን «በሰረ» ብላ ስለምታነብ፣ ይበልጥ ጠንካራ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ሦስተኛው ደረጃ ላሻግራት ወይስ ልታገሥ የሚለውን መወሰን አቅቶኛል።

መልስ 1፦ በየሳምንቱ በ1 ደቂቃ ውስጥ በትክክል ያነበበቻቸውን ቃላት ብዛት በግራፍ ያስቀምጡ። መስመሩ እያደገ ከግቡ በታች ከሆነ ጊዜውን ማርዘም ወይም ቡድኑን ማሳነስ ሊበቃ ይችላል፤ መስመሩ ከተኛ ግን መጠበቁ ልጅቷን መበደል ነው።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሌሎቹም ካልተሻሻሉ ችግሩ ከልጆቹ ሳይሆን ከማስተማሪያ ዘዴው ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድመው ለሁሉም የሚሰጠውን የክፍል ትምህርት ይፈትሹ። ድጋፉ ከመደበኛው የንባብ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ የሚሰጥ ከሆነም (ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው) ተጨማሪ መሆኑ ቀርቶ ምትክ ሆኗል።

ጠያቂ፦ አራቱ ተሻሽለዋል፤ የእርሷ መስመር ግን ከ4ኛው ሳምንት ወዲህ ፈቀቅ አላለም። ሦስተኛው ደረጃ የግድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው?

መልስ 1፦ አይደለም፤ በተናጠል ወይም ለሁለት ለሦስት ተማሪዎች፣ በተለየው ክፍተት ላይ ብቻ አተኩሮ የሚሰጥ ጠንካራ ድጋፍ ነው። እንግዲያው ያሻግሯት፤ ጎን ለጎንም የዓይንና የጆሮ ምርመራ እንድታደርግ ከወላጆቿ ጋር ይነጋገሩ።