«ሁለተኛ ከመሃል መስመር እንዳታልፍ»

የኮዬው ልጅ፦ እሁድ ጠዋት ኮዬ ፈጬ ሜዳ ላይ የሰማሁት እስካሁን ያንገበግበኛል። በቱሉ ዲምቱ ልጆች 2 ለ 1 ተሸነፍን። ሁለተኛዋ ግብ በቀኝ ተመላላሻችን፣ በቀኝ መስመር ተከላካዩ ልጅ በኩል ገባች። አሰልጣኙ ልጁን ሰው ሁሉ ፊት «ሁለተኛ ከመሃል መስመር እንዳታልፍ» አለው። የእኛን ግብ አመቻችቶ የሰጠው ማን ሆነና ነው?

የድሮ አምስት ቁጥር፦ አሰልጣኙ ልክ ነው። ተከላካይ መጀመሪያ ይከላከል። በፈረንጆቹ 2022 የፓሪሱን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ረሳችሁት? የሪያል ማድሪዱ ቫልቬርዴ ከቀኝ ሲልካት ቪኒሲየስ ከሊቨርፑሉ ቀኝ ተመላላሽ ከአሌክሳንደር አርኖልድ ጀርባ ብቻውን ነበር። በዚያች አንዲት ግብ ሊቨርፑል ዋንጫውን አጣ።

ቀዩ፦ ሁልጊዜ በዚያች ኳስ ልትፈርዱበት ነው? በ2018/19 በፕሪምየር ሊጉ 12 ለግብ የሆኑ ኳሶች ሰጠ፣ በቀጣዩ ዓመት 13። ባርሴሎና 4 ለ 0 ሲሸነፍ ያችን ማዕዘን ምት ለኦሪጊ ፈጥኖ የመታት እሱ ነው። ደግሞ ፓሪስ ላይ ወደ ፊት ሄዶ አልነበረም። የራሱ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ጀርባውን አላየም። «እንዳታልፍ» ቢባል ምን ይለወጥ ነበር?

የድሮ አምስት ቁጥር፦ ጀርባውን ማየት ነው እኮ ሥራው!

የኮዬው ልጅ፦ ጋሼ፣ ስሙ ራሱ «ተመላላሽ» ነው። እንዳያልፍ ከተባለ ምኑን ተመላለሰ?

የድሮ አምስት ቁጥር፦ ስሙን ካነሳህ መመለስም አለበት። እሁድ መች ተመለሰ? ኳሷ ስትነጠቅ እነሱ ማዕዘን ባንዲራ ጋ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

የኮዬው ልጅ፦ ደክሞት ነዋ! በዚያ ኮረኮንች 70 ደቂቃ መስመሩን ብቻውን ሲመላለስበት፣ ከፊቱ ያለው የክንፍ ተጫዋች አንዴ እንኳ ወርዶ አላገዘውም። ወገቡን የያዘ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው?

የድሮ አምስት ቁጥር፦ ሰነፍ አላልኩም። አልተመለሰም ነው ያልኩት።

የብሎኩ እህት፦ እኔ ከግባችን ጀርባ ነበርኩ። ግራ ተመላላሹም ያኔውኑ ወጥቷል። ከተከላካዮቹ ፊት መቆም ያለበት ስድስት ቁጥሩም እነሱ ሳጥን ውስጥ ነበር። ከኋላ የቀሩት ሁለቱ መሃል ተከላካዮች ብቻ ናቸው። አንዱ ቀኙን ልሸፍን ብሎ ሲወጣ መሃሉ ባዶ ሆነ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል፣ ይሄን ማስተማር የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

ቀዩ፦ የብራዚሎቹ ተመላላሾች ካፉና ሮቤርቶ ካርሎስ በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ሁለቱም ይወጡ አልነበር?

የብሎኩ እህት፦ ከኋላቸው ሉሲዮ፣ ኤድሚልሰንና ሮኬ ጁኒየር ሦስት ሆነው ቆመዋል። ከፊታቸው ደግሞ ጂልቤርቶ ሲልቫ አለ። የእኛን ልጅ ማን ሸፈነው?

ቀዩ፦ ስድስት ቁጥሩ የአሰልጣኙ የእህት ልጅ ነው። ለዚህ ነው ቀና ብሎ ያላየው።

የድሮ አምስት ቁጥር፦ ዝምድናውን ምን አመጣው? ስለ ኳስ አውሩ።

ቀዩ፦ ስለ ኳስ ነው የማወራው። ስድስት ቁጥር ቦታውን ለቆ ሲሄድ ማን ተቆጣው?

የኮዬው ልጅ፦ ልጁ ማክሰኞ ልምምድ ላይ አልመጣም። ማሊያውን በታናሽ ወንድሙ ልኮታል።

የድሮ አምስት ቁጥር፦ ይሄን አልሰማሁም። ስልኩን በውስጥ ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ሰው ፊት መባሉ ልክ አይደለም። ግን ይመለስ ያልኩትን አልተውም።

የኮዬው ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ሲደውሉ ግን ያንን አያንሱበት።

የድሮ አምስት ቁጥር፦ አነሳበታለሁ እንጂ!