ለሥራ ባልደረባ ስለ እምነት መናገር፦ ድፍረት የቱ ነው?

ጠያቂ፦ የቦርከና ማዶ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ የወንጌል አማኝ ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ከጎኔ የምትሠራ ሙስሊም ባልደረባ አለችኝ፤ ከሥጋ በቀር ገበታችን አንድ ነው፤ በረመዳን የማታ ፈረቃ ሲደርሰን ከሳምቡሳዋ ለእኔም ቆጥራ ትይዛለች፤ እናቴ ያረፈች ጊዜም ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጣችም። ባለፈው ሳምንት ከምሳ በፊት ዐይኔን ጨፍኜ ስጸልይ አይታኝ፣ «ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ሁሌም አያለሁ፤ ግን ምንድን ነው የምትዪው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የምሳ ዕቃዬን ክዳን እየከፈትኩ «ኧረ ልማድ ነው» ብዬ ወሬውን ወደ ደመወዝ አዞርኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ድፍረት በተሰበከ ቁጥር ያ ክዳን ትዝ ይለኛል። ብናገር ደግሞ ይህ ወዳጅነት የሚደፈርስ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከጦሳ ሥር

እህቴ ሆይ፣ «ደፋር» የሚለው ቃል በአማርኛችን አንዳንዴ ጀግናን፣ አንዳንዴም ዐይን አውጣን ስለሚያመለክት ብዙዎቻችንን ያሳስተናል። በሐዋርያት ሥራ 4፥29 የምናነበው ጸሎት በግሪኩ «ፓሬሲያ» የሚል ቃል ይዟል፤ ትርጉሙም ሳይሸፋፍኑ በግልጽ መናገር ነው፤ ነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «ግልጥነት» ይለዋል። ይህን የለመኑት ሰዎች ገና ከሸንጎ ዛቻ የተመለሱ ነበሩ። ጳውሎስም በኤፌሶን 6፥19-20 በሰንሰለት ታስሮ ሳለ በግልጥ እንዲናገር ጸልዩልኝ ይላል፤ ፍርሃት የማያውቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ጸሎት አይለምንም። ስለዚህ መፍራትሽ ጥፋት አይመስለኝም፤ ያጎደልሽው ግልጽነቱን ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን በየዋህነት መልስ እንድንሰጥ ያዛል፤ እሷም ጠይቃሻለች።

መልስ፦ የተዋሕዶ ልጅ፣ ከፒያሳ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወሎ ላይ ይህ ጉዳይ የቆየ ቁስል አለው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በመታዘዙ፣ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ (ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው)፤ እንደ ሼህ ጦልሐ ያሉት ደግሞ አሻፈረኝ ብለው ታገሉ። የአባቴ አጎቶች ሙስሊሞች ናቸው፤ በእነሱ ቤት ያ ዘመን ሲነሣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የማስተማር ነጻነትን ሲሰጥ በዚያው አንቀጽ ማስገደድን ይከለክላል። ስለዚህ አንቺ ስለ ምትጸልዪው ንገሪያት እንጂ የእሷን ሃይማኖት አትንኪ። የጠየቀችሽ ስለ ከንፈርሽ ነው።

መልስ፦ ሐረጎ ቁልቁለት

ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ታሪክን ለዝምታችን ሰበብ አናድርገው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለዓመታት ሚኒባስ ነድቻለሁ፤ ሙስሊሙ ተሳፋሪ ሐረጎን ስንወርድ «ቢስሚላህ» ሲል፣ ሒሳብ ሲሰጥም «ኢንሻ አላህ በሰላም እንገባለን» ሲል ማንም ተከፍቶ አያውቅም። እነሱ ሳይሳቀቁ የሚናገሩትን እኛ የምንውጠው በአክብሮት ነው ወይስ በሐፍረት?

ጠያቂ፦ የቦርከና ማዶ

ስለ ምክራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻው ጥያቄ አሞኛል፤ ሐፍረት ነበር። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት፣ «ያን ቀን ልማድ ነው ያልኩሽ ዋሽቼ ነው» አልኳት። ምግቡን ስለ ሰጠኝ በኢየሱስ ስም እንደማመሰግን፣ ከዚያም የታመመውን ልጇን በስሙ ጠርቼ እንደምጸልይለት ነገርኳት። ይህን ሁለተኛውን መናገር እንዲህ የሚከብደኝ አልመሰለኝም ነበር።

ቡናዋን ሳትጠጣ ይዛው ቆየች፤ ኋላ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። «ከታመመ ጀምሮ» ስላት የፈረቃው ደወል ተደወለ፤ እሷም ሻሿን እያስተካከለች፣ «ነገ ምሳ ላይ ድምፅሽን አውጥተሽ በዪው፤ እኔም ልስማ» ብላኝ ወደ ማሽኗ ሄደች።