ለ75 ፈረስ ጉልበት ትራክተር መከስከሻ ይቅደም ወይስ የመስመር መዝሪያ?

የሰርቦዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ዞን ቀርሳ ወረዳ ነኝ፣ ሰርቦ አጠገብ። የአባቴን ትራክተር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ማሴ ፈርጉሰን 375 ነው፣ በደንብ የተያዘ። ከኋላው የምናስረው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ብቻ ነው። በቆሏችንን እናርስበታለን፣ ከዚያ ለጎረቤት በኪራይ እንሠራለን።

ዘንድሮ ለአንድ አዲስ መሣሪያ የሚሆን ብር ይዘናል። ለሁለት አይበቃም። አባዬ መከስከሻ ይላሉ፤ የታረሰውን ጓል የሚሰብረውን ባለ ብዙ ዲስክ መሣሪያ ማለት ነው። ወንድሜ ባለ አራት መስመር መዝሪያ ይላል። እኔ መሃል ቆሜያለሁ።

የወንድሜን ነገር ልንገራችሁ። ዝናቡ ሲይዝ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ልዝራ ይላል። በመስመር የሚዘራ የቀን ሠራተኛ ደግሞ የለም፤ ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ባጃጅ ይነዳል። ሰው ያጣ ጎረቤት ከበሬ ኋላ እየጣለ ይዘራል። በዚያ ዋጋ የተገዛ ምርጥ ዘር እንዲያ ሲባክን ማየት በጣም ያመኛል።

አባዬ ደግሞ መሬቱን ያያሉ። ቀይ ሸክላ ነው። ዲስኩ ሲገለብጠው ትልልቅ ጓል ያወጣል፤ እሱን የምንሰብረው በበሬ ደግመን እያረስን ነው። «መዝሪያው ጓል ላይ ሄዶ ምን ሊዘራ ነው?» ይላሉ። ከታች ወንዙ ዳር ጥቂት ጥቁር መሬትም አለን፣ ጤፍ የምንዘራበት።

የሠራችሁበት ሰዎች ንገሩኝ። ዋጋ አልጠይቃችሁም፤ እሱ በየጊዜው ይለዋወጣል። የትኛው ይቅደም? ሻጩንስ ምን ብዬ ልጠይቀው?

ኦፕሬተር ከአሰንዳቦ፦

እህቴ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። መዝሪያ መሬት አያዘጋጅም። ዘሩን የሚጥለውን ሳህን የሚያዞረው መሬት የሚነካው ጎማ ነው። ጎማው ጓል ላይ ሲዘል ወይም ሲንሸራተት ሳህኑ ይቆማል፣ ዘር አይወርድም። አንቺ ከላይ ሆነሽ አታይውም። የምታውቂው በቆሎው ሲበቅል ነው፤ እዚህ ባዶ፣ እዚያ ባዶ። ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ሄዷል።

ግን መከስከሻውንም ሻጩ እንዳለሽ አትግዢ። ትልቁን ሊሸጥልሽ ይፈልጋል። 75 ፈረስ ጉልበት የሚለው ቁጥር የተለካው ዝቅ ባለ ቦታ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ያንቺ 375 እዚህ 63 አካባቢ ቢሰጥሽ ነው። ለአንድ ዲስክ ከ3 እስከ 4 ፈረስ ጉልበት አስቢ። ተዳፋቱም አለ፣ እርጥቡ ሸክላም አለ። እኔ ባለ 16 እላለሁ፣ ቢበዛ ባለ 18። ባለ 24 ጭነው የሸጡለት ሰው አውቃለሁ፤ ትራክተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው የሚውለው።

ትራክተሩ ኋላ ላይ በሦስት ነጥብ ታስሮ የሚንጠለጠል ይሁን። ማሳችን ጠባብ ነው፤ ተጎታቹ ለመዞር ብዙ ቦታ ይበላል። ክብደቱን ግን በኪሎ አጽፊ። ሃይድሮሊኩ ቢያነሳው እንኳ የፊት ጎማው ይቀላል፣ ዳገት ላይ መሪው አይታዘዝም። ፊት ለፊት ክብደት ጫኚበት። ይሄን ቀላል አድርገሽ አትይው፣ የሰው ሕይወት ነው።

ለጥቁሩ መሬት መሣሪያ ሳይሆን ቀን ምረጪ። ጭቃ ሆኖ ከገባሽበት ይጣበቃል፣ ከደረቀ ደግሞ ድንጋይ ነው።

ብየዳ ቤት ጅማ፦

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ዕቃው እኔ ጋ ሲመጣ የማየውን ነው።

ዲስክ ያልቃል። ስለዚህ ስትገዢ የሚቀጥለውን ዲስክ ከየት እንደምታመጪ አስቢ። የዲስኩ መሃል ቀዳዳ ካሬ ነው። የካሬው ልክ ገበያ ላይ ካለው ዲስክ ጋር መግጠም አለበት። ሜትር ይዘሽ ሂጂና ራስሽ ለኪው። ልኩ ያልገጠመ ዲስክ እያመጡ «በእሳት አስፋልኝ» የሚሉኝ አሉ። ዲስክ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። እሳት ሲነካው ጥንካሬው ይሄዳል፣ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። እምቢ ስል ይቆጣሉ፤ እኔ ግን ነገ እንደሚሰበር እያወቅኩ ብራቸውን መቀበል አልችልም።

ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው፣ የዲስኮቹ ዘንግ የሚዞርበት። ቁጥሩን አንብቢ፣ ጻፊው፣ ከመክፈልሽ በፊት ጅማ ያሉ ዕቃ መሸጫዎች ጋ ደውለሽ ጠይቂ። ኩሽኔታው አዲስ አበባ ብቻ ካለ፣ በዝራት ሰሞን 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል ማለት ነው።

የፊቱ ረድፍ ዲስክ ጥርስ ያለው፣ የኋላው ክብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጥርስ ያለው አገዳውን ይቆርጣል። አዲስ ሲሆን ደግሞ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ አቁሙና የአልቤሮውን (ዲስኮቹ የተሰኩበትን ዘንግ) ፍሬ እንደገና አጥብቁ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ፍሬው ከላላ ዲስኩ ይጫወታል፣ አልቤሮው ይበላል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር እኔ ጋ ይመጣል።

አፈር ወዳድ፦

መከስከሻ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ፤ አጠቃቀሙ ላይ ግን ልጨምር። ቀይ አፈራችን ጥልቅ ነው፣ ውኃም ያሰርጋል። ሲያዩት የሚያልቅ አይመስልም። ግን ተዳፋት ላይ ደጋግመው ከስክሰው ዱቄት ሲያደርጉት የሰኔ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከቀርሳና ከኦሞ ናዳ የሚታጠበው አፈር የት ይገባል? ግልገል ጊቤ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ የሚሰጠን ግድብ በእኛ ማሳ አፈር ነው የሚደለለው።

ስለዚህ ለበቆሎ የእንቁላል ያህል ጓል ቢቀር አይጎዳም። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ተዳፋቱን አቋርጣችሁ። ቁልቁል አትከስክሱ። ለጤፉ ብቻ ነው አፈሩ መላም ያለበት።

ሌላው ኖራ ነው። የአካባቢያችን ቀይ መሬት ብዙው አሲዳማ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ ይታሰራል፣ ማዳበሪያሽ ለተክሉ አይደርስም። ኖራ ላይ ላዩን ተበትኖ ቢቀር ብዙም አይጠቅምም፣ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። እሱን በደንብ የሚሠራው መከስከሻ ነው፣ ከዝራቱ ወር ያህል ቀድሞ። አስቀድማችሁ ግን አፈሩን አስመርምሩ፤ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ተነጋገሩበት።

እንዲሁም በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት በዲስክ ስታርሱ ከታች ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል። የበቆሎው ሥር እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። አንድ ቀን ብር ሲገኝ ቺዝል አስቡ፤ አፈሩን ሳይገለብጥ በጥርስ በጥልቀት የሚሰነጥቅ ማረሻ ነው።

የሰርቦዋ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ከፍታው ጉልበት እንደሚቀንስ ማንም ሻጭ ነግሮኝ አያውቅም። አባዬ አጠገቤ ተቀምጠው ሲሰሙ ነበር፣ ፊታቸው በርቷል። ወንድሜ ግን መዝሪያውን አልተወም። መዝሪያ ያለው ሰው እዚህ የለም?

ሶኮሩ ኩታ ገጠም፦

አለሁ። ባለ አራት መስመር አለኝ፣ እወደዋለሁም። ወንድምሽ የተናገረው እውነት ነው፤ ዝናብ ሰው አይጠብቅም። ግን እኛ ጎረቤታሞች መሬታችንን ኩታ ገጠም አድርገን ነው የምንዘራው። ድንበር ሳያስቆመን ረጅም እንሄዳለን። ማሳሽ ግማሽ ሄክታር ከሆነና መሃሉ ላይ ዋንዛ ከቆመ፣ ባለ ሁለት መስመር ይሻልሻል።

ዘሩን ይዞ ይሂድ። ሊሙም ሆነ ቢኤች 661 የተባለው የበቆሎ ዘር ከከረጢት ከረጢት የፍሬው መጠን ይለያያል፤ ጠፍጣፋ አለ፣ ክብ አለ። ሱቁ በር ላይ መዝሪያውን አንሥታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ሳህኑ ሁለት ሁለት ቢያነሳ ወይም ፍሬ ቢሰብር፣ ሌላ ሳህን ከሌላቸው ተዉት። በነፋስ የሚሠራው መዝሪያ የዘሩን ቅርጽ ያን ያህል አይመርጥም፤ ግን ፒቲኦውን (ከትራክተሩ ኋላ መሣሪያውን የሚያዞረውን ዘንግ) በደቂቃ ከ540 ዙር ሳታወርዱ መንዳት አለባችሁ፣ አየር እንዳያፈስ የሚያሽገው ላስቲክም ካረጀ ነገር ተበላሸ።

ልኩ እንዲህ ነው። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በዘር መካከል 25። በሄክታር 53,333 ዘር ነው። በአንዱ መስመር ላይ 10 ሜትር ርዝመት አፈሩን ገልጠሽ 40 ፍሬ ካላገኘሽ አስተካክዪ። ኤንፒኤስ ማዳበሪያው በሄክታር 100 ኪሎ ከሆነ፣ ከአንዱ የማዳበሪያ ቱቦ በ100 ሜትር 750 ግራም መውረድ አለበት። ቱቦው ሥር ላስቲክ አስሪ፣ ንጂ፣ መዝኚ። አራቱንም ቱቦ ለየብቻ። ማዳበሪያው ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎንና ወደ ታች ይውረድ፤ ከነካው ያቃጥለዋል። ማታ ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ እጠቡት። ኤንፒኤስ ያደረበት ካቴና ጠዋት አይዞርም።

የሰርቦዋ፦

ወንድሜ አሁን ዝም ብሎ እየጻፈ ነው፣ ቁጥሮቹን በሙሉ።

ባለ 16 ዲስክ፣ ተንጠልጣይ፣ ክብደቱና የኩሽኔታው ቁጥር ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈ። ይህን ብዬ እጠይቃለሁ። ሜትሩንም እይዛለሁ። ብየዳ ቤት፣ ቺዝሉን አንተ ልትሠራው ትችላለህ?

ብየዳ ቤት ጅማ፦

ፍሬሙን እሠራልሻለሁ፣ ወፍራም ካሬ ቱቦ ካገኘን። ጥርሱን ግን ፋብሪካ የሠራውን ግዢ። እኔ ጋ ያለው ብረት ለዚያ አይሆንም፣ ድንጋይ ሲያገኘው ይታጠፋል። መጀመሪያ መከስከሻውን አምጪ፤ የትራክተርሽን የማያያዣ ልክ ያኔ እወስዳለሁ።