እሌኒ ወይስ ሄለን? ለሴት ልጅ ስም የምታውቁ እርዱኝ (ሀዋሳ)

የሀይቅ_ዳሯ
ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጅ ከተወለደችልን ሁለት ሳምንት ሆናት፤ ስሟ ላይ ግን አልተስማማንም። እኔ እሌኒ እንድትባል እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «እሌኒ የድሮ ሰው ስም ነው፤ ሄለን ብንላት ይቀላታል፣ ያው አንድ አይደሉ» ይላል። የእሱ ቤተሰቦች የሆሳዕና ሰዎች፣ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ አማቴ ደግሞ እሌኒ የኦርቶዶክስ ብቻ ስም ይመስላቸዋል። ክርስትናዋ በኔ ወገን፣ በ80 ቀኗ እንዲሆን ተስማምተናል።

የስሙን ትርጉምና አመጣጥ በትክክል የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። አንዱ «ብርሃን» ይላል፣ ሌላው «በግእዝ ቅዱስ መስቀል ማለት ነው» ይላል። አጻጻፉስ የትኛው ነው ትክክል፦ እሌኒ፣ ዕሌኒ ወይስ ኢሌኒ?

ዘመርጡለ
እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ባለቤትሽ አንድ ናቸው ማለቱ ልክ ነው፤ የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ምንጩ የግሪኩ «ሄሌኔ» ነው። ግሪኮቹ በዘመን ብዛት መነሻው ላይ ያለውን የ«ሀ» ትንፋሽ ተዉት፣ መጨረሻው ላይ ያለውንም ድምፅ «ኢ» ብለው ያነቡት ጀመር፤ ስሙ «ኤሌኒ» ሆነ። የግእዙ እሌኒ የተከተለው ይህን አነባበብ ነው። ዛሬ አቴንስ ውስጥ ይህ ስም ሲጠራ ብትሰሚ ከኛው ብዙም አይርቅም። ሄለን ግን በላቲንና በምዕራብ አውሮፓ ዞሮ፣ በእንግሊዝኛ በኩል በቅርቡ የገባ ነው። የጥንቱን «ሀ» የያዘው ሄለን፣ የመጨረሻውን አናባቢ የያዘው እሌኒ ነው፤ ሁለቱም ከእናታቸው የወረሱት አለ።

ስለ ትርጉሙ፦ በጥንቱ ግሪክኛ ችቦን «ሄሌኔ» ይሉት ነበር። «ብርሃን» የሚለው ፍቺ የመጣው ከዚህ ነው። የሰው ስሙ በእርግጥ ከችቦው ስለመውጣቱ የቋንቋ ሊቃውንት አይስማሙም፤ ከጨረቃ መጠሪያ ጋር የሚያዛምዱትም አሉ። «በግእዝ ቅዱስ መስቀል ማለት ነው» የሚለው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ቃሉ የግእዝ ሥር የለውም። ከመስቀል ጋር ያስተሳሰረው ታሪኩ ነው። ንግሥት እሌኒ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ እናት ነች፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘች። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አረጋዊው ኪራኮስ አካባቢውን ጠቆማት፤ እሷም ደመራ አስደምራ ዕጣን አስጨመረችበት፤ ጢሱ ባመለከተው ስፍራ መስከረም 17 ቁፋሮው ተጀመረ፤ መስቀሉ የወጣው መጋቢት 10 ነው። የችቦው ፍቺ ከደመራው ጋር መግጠሙ ደስ ቢልም አጋጣሚ ነው፤ ለልጅቷ ስትነግሪያት እንደ ማስረጃ አታቅርቢው።

አሁን ወደ ሆሳዕና። ለአማትሽ ይህን ንገሪልኝ፦ በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ስም ይዛ ከሁሉ በላይ የገነነችው ሴት የሀዲያ ልጅ ነች። የሀዲያው ገዥ ልጅ፣ በእስልምና ቤት ያደገች፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ሚስት የሆነች። እሌኒ የክርስትና ስሟ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የነገሠበት ስመ መንግሥት ደግሞ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ስለ መስቀል ክብር እጅግ የተጋ ንጉሥ ነበር፤ ግማደ መስቀሉን ግሸን ያሳረፈው እሱ እንደሆነ ትውፊት ይናገራል። በቆስጠንጢኖስ ቤት የሀዲያዋ ልዕልት እሌኒ ስትባል ስሙ እንዲያው የተወረወረ አይመስለኝም።

ባሏ ከሞተ በኋላም አልተረሳችም። ልጁ ዐፄ በእደ ማርያም እንደ እናት አክብሯታል። ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነቱ እ.ኤ.አ. በ1508 ሲነግሥ በሞግዚትነት አገር ያስተዳደረችው እሷ ነች። አርመናዊውን ማቴዎስን ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ መልእክተኛው ሊዝበን የገባው በ1514 ነው፤ የፖርቱጋል ልዑካን በምላሹ ምጽዋ የደረሱት በ1520። ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያምን ያሠራችም እሷ ነች። «የኦርቶዶክስ ብቻ» ከሚሉት ይልቅ «የአያቶቻችን አገር ልጅ ስም» ቢሉት እውነት ነው።

ነጻ_ሐሳብ
አጭር ነገር ልጨምር። በፕሮቴስታንት ቤት ብዙ ጊዜ መመዘኛው «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ ወይ?» ነው። እሌኒ የለም። ሄለንም የለም! ስለዚህ በዚህ መለኪያ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አያስኬድም። ከመጽሐፉ ይሁን ከተባለ ሐና፣ ሊዲያ፣ አስቴር፣ ሩት፣ ዲቦራ አሉ፤ ያ ሌላ ምርጫ ነው።

የስም_ጥሪ
«የድሮ» የሚለውን ነገር ከክፍል መዝገብ አንጻር እንየው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከተማ ውስጥ ከተወለዱት መካከል ሄለን እጅግ የተለመደ ነበር፤ ከቤቲ፣ ሳራ፣ ሜሮን፣ ቤተልሔም ጋር ተደርድሮ ይጠራ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሄለን ሲኖሩ በአባት ስም ነበር የሚለዩት። ያ ትውልድ አሁን እናት ሆኗል። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ስሞች ሲጠሩ የምንሰማው ሶልያና፣ ኖላዊት፣ ማርያማዊት፣ አርሴማ፣ ኤልሃና ነው፤ ሄለን ተብላ የምትጠራው አብዛኛውን ጊዜ ልጇን ልትወስድ የመጣችው ነች።

እሌኒ ግን እንደዚያ ጎርፎ አያውቅም። ሁልጊዜ አለ፣ ሁልጊዜ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ስም የባለቤቱን ዕድሜ አያሳብቅም። የምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ይህንኑ ስም ይዘው ነው በዓለም የታወቁት፤ ሀዋሳ የቡና ከተማ ስለሆነች ስማቸውን የማያውቅ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ባለቤትሽ «ዘመናዊ ይሁን» ካለ በእኔ ግምት ሄለን ነው ቀድሞ ያረጀው።

ማቆላመጡም አያስቸግርም፦ እልዬ፣ ሌኒ።

መዝገብ_አዋቂ
አጻጻፉን ለኔ ተዉልኝ፤ ሰው በኋላ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ትክክለኛው እሌኒ ነው፤ በአልፋው «እ»። በዐይኑ «ዕ» መጻፍ ምክንያት የለውም፤ ዐይን የግእዝ ሥር ያላቸው ቃላት ድምፅ ነው፣ ግሪክኛ ደግሞ ይህ ድምፅ የለውም። «ኢሌኒ» ከአነጋገር የመጣ ነው፣ ሲፈጥን እንደዚያ ይሰማል። ድሮ በእጅ ሲጻፍ ይህ ልዩነት ማንንም አያስቸግርም ነበር። ኮምፒዩተር ግን «እ» እና «ዕ»ን ሁለት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ በአንዱ የተመዘገበች ልጅ በሌላው ስትፈለግ «የለችም» ይላል። የክትባት ካርዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

የእንግሊዝኛው ደግሞ ይብሳል። ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፋል፦ አንዱ «ኤል»ን ይደርባል፣ አንዱ በ«አይ» ይጀምራል፣ አንዱ በ«ዋይ» ይጨርሳል። የተለመደው አምስት ፊደል ነው፦ ኢ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤን፣ አይ። ብጣሽ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፊና ስትመዘገብ ለባለሙያው ስጪው፤ በቃል አትንገሪ። ሀዋሳ ስለሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሲዳማ አፎ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ረጅም አናባቢም በድርብ ፊደል ይጻፋል። ስሟ በዚያ ሥርዓት ከተጻፈ በኋላ ያው ጽሑፍ እንደ እንግሊዝኛ ተቆጥሮ ፓስፖርት ላይ እንዳይገለበጥ ተጠንቀቂ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳትርቂ እያንዳንዱን ፊደል እዪ፤ የአባትና የአያት ስምም ከአባትየው መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን አስተያዪ። አንዴ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ማስረጃና ምልልስ ይጠይቃል።

የሀይቅ_ዳሯ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የሀዲያውን ታሪክ ለአማቴ አነበብኩላቸው፤ «እንግዲያ የኛ ናት» ብለዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። እኅቴ «ማስታረቂያ ኅሊና በሏት፣ የሄለን ዘመድ ነው» ትላለች፤ እውነት ነው? ደግሞ እሌኒ የቅድስት ስም ስለሆነ የክርስትና ስሟም እሱው ይሆናል ወይስ ሌላ ይሰጣታል?

ዲያቆን_ዘታቦር
ኅሊና ዘመዱ አይደለም። ኀለየ፣ ማለትም አሰበ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ንጹሕ ግእዝ ነው፤ አሳብ፣ ልቡና ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሄሌናን ስለሚመስል ነው ሰው የሚያዛምደው። በራሱ ያማረ ስም ነው፣ ግን እሌኒን አይተካም።

የክርስትና ስሟን የሚሰጣት የሚያጠምቃት ካህን ነው፤ ብዙ ጊዜ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ገብርኤል፣ አመተ ሥላሴ እንደሚባለው የዕለቱ በዓል ይታይበታል። የዓለም ስሟ የቅድስት መሆኑ ሌላ የክርስትና ስም እንዳይሰጣት አይከለክልም። በዚያው በእሌኒ እንድትጠመቅ ከፈለጋችሁ ለንስሐ አባትሽ ከቀኑ አስቀድመሽ ንገሪ፤ በጥምቀቱ ጠዋት ቅዳሴው እየተጀመረ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። የቅድስቲቱ መታሰቢያ ግንቦት 9 ነው፤ በየዓመቱ ልታስቢላት ትችያለሽ። ክርስትና የምታነሣትም ሴት መሆን አለባት፤ የክርስትና እናቷን ስም ቀድመሽ አስመዝግቢ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በ80 ቀን ነው፣ ልደት በወቅቱ የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ። «ስሟ በክርስትናዋ ይቁረጥና ከዚያ እንመዘገባለን» ያለ ቤተሰብ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው፤ መሐል በዓል ወይም ቅዳሜና እሑድ ከገባ ያልፋል። ቀበሌው የሚፈልገው የዓለም ስሟን ስለሆነ የክርስትናውን ቀን አትጠብቂ። የጤና ተቋሙን የልደት ማሳወቂያና የሁለታችሁን መታወቂያ ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ።