ለጭቃም ለተሳቢም የሚሆን ጎማ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነኝ። ሃይሉክሴ 265/65 አር 17 ጎማ ነው የሚያስረው። ከአጋሮ ወዲያ ገጠር ገብቼ እሸት ቡና በተሳቢ አወጣለሁ። ለቀማ ሲጀመር ዝናቡ ገና አላባራም፤ ቀዩ ጭቃ የጎማውን ጥርስ ይሞላውና ሳሙና ይሆናል። ባለፈው ዳገት ላይ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ነፍሴ ልትወጣ! በበሬ ተስቤ ወጣሁ፣ አትሳቁ።

ሻጩ ጥርሰ ትልቁን የጭቃ ጎማ ውሰድ ይለኛል። እሱ ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። እኔ ያዘነበልኩት ወደ ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ለገጠር መንገድም የሚሆነው)፣ ባለ 10 ፕላዩ (ለከባድ ጭነት የተጠናከረው) ነው። የአሁኑ ጎማዬ ጎኑ ላይ 112 ይላል፣ አንዱ ጎማ እስከ 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ያኛው 120፣ 1400 ኪሎ።

ባዶዬን ስነዳ ያንገጫግጨኝ ይሆን? ለዚያ ጭቃስ ይበቃል? ተሳቢ የምትጎትቱ፣ የኋላውን ንፋስ ስንት ትሞላላችሁ?