ጥቆማ፦ ለኩሬ ጎልድፊሽ ክረምቱን ጅማ ውስጥ ምን ይገዛ? ማን ይጠራ?

ጥያቄ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ግቢያችን ውስጥ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነች፣ ጥልቀቷ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ኩሬ አለች። ስምንት ጎልድፊሽ አሉን። ዝናቡ እየከበደ ነው። ማሞቂያ ግዛ የሚሉኝ አሉ፣ የለም ጥሩ ምግብ ይበቃል የሚሉም አሉ። እዚሁ የሚገኝ ዕቃና ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሞቂያውን ተወው። ያለህን ብር መጀመሪያ ለኩሬው ጠርዝና ለትርፍ ውሃ መውጫው አውጣ፣ ቀጥሎ አየር ለሚነፋ ዕቃ፣ ከተረፈህ ለምግብ። ጅማ ላይ በክረምት ዓሣ የሚፈጀው ብርድ ሳይሆን ጎርፍና የአየር እጥረት ነው።

የማሞቂያው ምክር የመጣው ኩሬ በረዶ ከሚጋግርበት አገር ነው። እዚያም ቢሆን ተንሳፋፊውን ማሞቂያ የሚያስገቡት ኩሬውን ለማሞቅ አይደለም፤ በረዶው ላይ አንድ ቀዳዳ ሳይዘጋ እንዲቆይና የታመቀው ጋዝ እንዲወጣ ብለው ነው። ጎልድፊሽ ብርድ የሚችል ዓሣ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በደንብ ይስማማዋል፣ ከዚያ ሲወርድ እንቅስቃሴውና የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ወጪውንም አስላው፦ 1,000 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ያንተ ኩሬ 1,800 ሊትር ነው፤ በ5 ዲግሪ ላሙቀው ብትል ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትከፍላለህ፣ ሙቀቱን ግን ሌሊቱ መልሶ ይወስደዋል።

ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የኩሬህ ስፋት 3 ካሬ ሜትር ስለሆነ ከሰማይ በቀጥታ የሚወርድባት ብቻ 4,500 ሊትር ይሆናል፣ ኩሬዋን ሁለት ጊዜ ተኩል ይሞላል። የዝናብ ውሃ ደግሞ አሲድ የሚያበርድ ማዕድን የለውም። ኩሬው በዝናብ እየተተካ ሲሄድ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ሆነ ማለት ነው) ሳይታሰብ ይወድቃል፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፣ ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጎጂ ነገር ይጠራቀማል። ከግቢ የሚገባው ጎርፍ ከዚህም ይብሳል። ቀዩን አፈር፣ የዶሮውን ኩስ፣ የልብስ እጣቢውን፣ ጎመን ላይ የተረጨውን ፀረ ተባይ ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይገባል።

ስለዚህ ጠርዙ ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ተዳፋት ከሆነ ከላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ይቆፈር። ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦ ይግባ፣ አፉ ላይ ወንፊት ይታሰር፤ ካልታሰረ ዓሣው ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ለጠርዙ ግንበኛ ስትጠራ አጥር የሚገነባውን ሳይሆን የውሃ ገንዳ ሠርቶ የሚያውቀውን ፈልግ። ገንዳ የሠራ ሰው ውሃ የማያሳልፍ ልስን ያውቃል፣ ማዕዘኑንም ሹል አድርጎ አይተወውም። ለቱቦው የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ይበቃል። ሁለቱንም እኔ እሠራዋለሁ የሚል ከመጣ ቀደም ሲል የሠራውን ገንዳ ሄደህ ሳታይ ቀብድ አትስጥ። አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፦ አዲስ ሲሚንቶ የኩሬውን ፒኤች በጣም ከፍ ያደርገዋል፣ ዓሣ ይገድላል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ እየሞላህ እየደፋህ በተደጋጋሚ እጠበው፣ ዓሣዎቹን ከመመለስህ በፊትም ፒኤቹን ለካ። እስከዚያ በትልቅ ሳፋ ወይም በሮቶ አቆያቸው። የኬሚካል በርሜል፣ ቢታጠብም፣ አይሆንም።

ኩሬው ስንጥቅ ካለበትና ግንበኛ መጥራት ካልፈለግህ ከታች የሚነጠፍ ነገር አለ። የመኪና ሸራ ርካሽ ነው፣ ግን ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ እጥፋቱ ላይም ይሰነጠቃል። ለገበሬዎች የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚያነጥፉት ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ ይወደዳል፣ እኔ ግን እሱን ነው የምመክርህ።

አሁን ወደ አየሩ። የምንኖረው ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው አራት አምስተኛው ያህል ነው። የውጭ መመሪያ በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ሲል ይህን አይቆጥርም። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ስለሚከብድ አልጌውና (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው) ተክሉ ቀን በቂ ኦክስጅን አያመርቱም፣ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ። ሊነጋጋ ሲል ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የምናየው ለዚህ ነው። የራባቸው መስሎህ ምግብ አትጨምርላቸው፣ ይብስባቸዋል።

ለአየር ያሉትን ዕቃዎች ላወዳድርልህ። በ220 ቮልት የሚሠራው የአየር ፓምፕ ጉልበት አለው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል፣ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት ሌሊት ነው። የፏፏቴው ፓምፕ ያምራል፣ ጭቃ ሲገባበት ግን ቶሎ ይደፈናል። ፀሐይ ላይ ብቻ የሚሠራውን በሐምሌና በነሐሴ አልመክርህም። እኔ የመረጥኩት በዩኤስቢ የሚሠራውን ትንሹን ፓምፕ ነው። የሚበላው መብራት በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ደህና ፓወር ባንክ ሌሊቱን ያስነጋዋል። ፓወር ባንኩን ግን ፓምፑን ሰክተህበት እየነፋ ሞክረህ ግዛ፤ አንዳንዱ የሚወሰድበት ኃይል ሲያንስ ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ፓወር ባንክ እዚሁ ሞባይል ቤቶች አለ። ፓምፑን እዚህ ካጣህ አዲስ አበባ ካሉ የዓሣ ዕቃ ሻጮች በአውቶቡስ ማስላክ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዕቃው ቀላል ነው። ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ስቀለው፤ ዝቅ ካለ ሲቆም ውሃ በቱቦው ተመልሶ ይገባበታል። ምንም ከሌለህ በባልዲ ቀድተህ ከፍ አድርገህ መልሰህ ማፍሰስም ይረዳል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ለጎልድፊሽ ተብሎ የተሠራው እንክብል ከሁሉም ይሻላል፣ ግን ትንሽ ነው የሚፈልጉት። የዶሮ መኖ ከሆነብህ የጫጩቱ ይሻላል፤ የእንቁላል ጣዮቹ ካልሲየሙ የበዛ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ውሃ ያበላሻሉ፣ እንጀራና ዳቦ ደግሞ ጭራሽ አይግቡ። በደንብ የተቀቀለ የአተር ክክ አልፎ አልፎ ጥሩ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ካልጨረሱት የተረፈውን በወንፊት አውጣ፣ በማግስቱ ቀንስ። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ጥቂት ብቻ፣ ከ10 ሲወርድ ምንም። ለዚህ የውሃ ቴርሞ ሜትር ያስፈልግሃል፤ የሰው ትኩሳት መለኪያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ሙቀት ስለማያነብ አይጠቅምህም። ቴርሞ ሜትሩን በደንብ የምትፈልገውም ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ የጅማ ሌሊት የሚከፋው ያኔ ነውና።

ስምንቱ ለኩሬህ አይበዙም። ግን ክረምቱ እስኪወጣ አዲስ ዓሣ አትጨምር።

ከጊንጆ ሰፈር የመጣ ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔም ኩሬ አለኝ። ወፍና ድመት አስቸግሮኝ አሮጌ አጎበር ላለብሰው አስቤአለሁ፣ ዝናቡንም ያበርድልኛል ብዬ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ እማማ፣ እባክዎን አጎበሩን አያልብሱት! አጎበር የተነከረበት መድኃኒት ትንኝ የሚገድለው ነው፣ ለዓሣ ደግሞ እጅግ መርዝ ነው። ዝናብ እያጠበው ኩሬው ውስጥ ያንጠባጥበዋል። አጎበር የታጠበበትን ውሃም በአካባቢው እንዳይደፉ። ቤት ውስጥ ፀረ ትንኝ ሲረጭም ኩሬውን ይሸፍኑ።

ለወፍና ለድመቱ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ለቡና ችግኝ ጥላ የሚሆነው መረብ ነው፤ ቅጠልም ወፍም ያግዳል፣ የዝናቡንም ጉልበት ይሰብራል፣ ግን ብርሃን ይቀንሳል፣ በደመናው ላይ ሌላ ደመና ይሆናል። ሌላው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው። ብርሃን አያጠፋም፣ ጠንካራ ነው፣ በቀርከሃ ወይም በአጣና ከወጠሩት ድመት ቢወጣበትም አይረግብም። ለእርስዎ ይህን እመርጣለሁ። ያገለገለ ከሆነ በሚገባ ይታጠብ። ቅጠሉ እንዳይረግፍበት ከባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ኩሬ ግን የጥላ መረቡ ይሻለዋል፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ዓሣውን ያውካል።

ሌላ አስተያየት፦ ውሃው ፒኤች ሲወርድ ኖራ በትኑበት አሉኝ። ልክ ነው? ዓሣው ሲታመምስ መድኃኒት ቤት ሄጄ ቴራማይሲን ልግዛ?

መልስ፦ ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ፈጽሞ አትበትን። ፒኤቹን በአንዴ ያስፈነጥረዋል፣ የተጠራቀመውም አሞኒያ ወደ መርዛማው ዓይነት ይለወጣል። በዝግታ የሚሠራው ይሻላል፦ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ አሲዳማ አፈር ለማከም ለገበሬ የሚሰጠው ዓይነት፣ በከረጢት ታስሮ ውሃ ውስጥ ይንጠልጠል። ቶሎ ከተፈለገ ቤኪንግ ሶዳ፣ ለ1,000 ሊትር 100 ግራም፣ በባልዲ አሟሙተህ ቀስ በቀስ ጨምር። ሱቅ ስትጠይቅ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጡህ እሽጉን አንብብ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

አንቲባዮቲኩን ኩሬ ውስጥ አትድፋ። የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ይፈጅና ችግሩን ሁለት ያደርገዋል። ዓሣው ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ነጭ ነጠብጣብ ካየህ መጀመሪያ የሚሞከረው ተራ ጨው ነው፦ ለ1 ሊትር 3 ግራም፣ በሁለት በሦስት ቀን ከፋፍለህ። የውሃ ተክል ካለ ግን ዓሣውን ለይተህ በሳፋ አክመው፣ ተክሉ ጨው አይችልም። ቁስል ወይም የሆድ እብጠት ከሆነ ወደ ባለሙያ ሂድ። ከመድኃኒት ቤት ሻጭ ይልቅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሄዶ መጠየቅን እመርጣለሁ። ስትሄድ የታመመውን ዓሣ በራሱ የኩሬ ውሃ፣ ሌላ የኩሬ ውሃ ደግሞ ለብቻው በንጹሕ ጠርሙስ ይዘህ ሂድ፤ ብዙ ጊዜ የታመመው ውሃው ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ውሃ ስቀይር ከቧንቧ ወይስ ከአዌቱ ወንዝ?

መልስ፦ ከቧንቧ። በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ አሳድረው፣ ክሎሪኑ ይወጣል። በአንዴ ከአንድ አምስተኛ በላይ አትቀይር። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ የመጣ ውሃ ነው፣ ለዓሣ አይታመንም። ከከተማ ወጣ ካለ ወንዝ ልቅዳ ካልክም ቡና በሚታጠብበት ወቅት ተጠንቀቅ፤ የቡና እጣቢ የገባበት ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል። ከቆርቆሮ የወረደውን የዝናብ ውሃ ደግሞ ኩሬው ላይ አትጨምርበት፣ ከሰማይ የሚበቃውን እያገኘ ነው። አንድ አደራ፦ ዓሣዎቹ ቢሰለቹህ ለሌላ ሰው ስጥ እንጂ አዌቱም ሆነ ቦዬ ረግረግ ውስጥ አትልቀቃቸው። ግንበኛው ከመጣ በኋላ ፎቶ ላክልኝ፣ የቱቦውን ከፍታ አብረን እናየዋለን።