የጠፋ አባል ከማኅበር የሚሰናበተው እንዴት ነው?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ በማኅበር ተደራጅተን የእንጨት ሥራ እንሠራለን። ሥራ ሞልቷል፤ ማሽን ነው የሌለን። መላጊያውን የምንከራየው ነው፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ባለቤቱም ይፈልገዋል። ባለፈው ባዛር የምስክር ወረቀት ሸልመውናል፣ እናመሰግናለን። ግን እንጨት አይልግም።

ስለዚህ የሊዝ ማሽን ጠየቅን፤ የሊዝ ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣል፣ እኛ ቀስ በቀስ እንከፍላለን። ጥሩነቱ ዋስትናው ማሽኑ ራሱ ነው፤ የቤት ካርታ አምጡ የሚል የለም። የማሽኑን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥበናል። አሁን «አባላት በሙሉ ቀርባችሁ ፈርሙ» ተባልን። አንዱ አባላችን አዲስ አበባ ከገባ ቆየ፤ ስልክ አያነሳም። እናሰናብተው ስንል፣ መልቀቂያ ራሱ ይጻፍ ይሉናል። ስልክ የማያነሳ ሰው መልቀቂያ ይጽፋል እንዴ?

መተዳደሪያ ደንባችን በተከታታይ ከስብሰባ የቀረ ይሰናበታል ይላል። በቃለ ጉባኤ ብቻ የጨረሰ አለ? ወይስ ፍርድ ቤት ግድ ነው?